የስፖርት መምህራን ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ቀረ፤ ሜዳ የሚወርደው እንዴት ነው?

ፊሽካ በእጄ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍል ተጠሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ። የስፖርት ክበቡና የውድድሩ ነገርም እኔው ጋ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝና "የመምህራኑን የዓመት የሙያ ማሻሻያ ዕቅድ አዘጋጂ" አሉኝ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል።

እስከ ዛሬ ያየሁት ሥልጠና ሁሉ መልኩ አንድ ነው። አዳራሽ እንገባለን። ስላይድ ይታያል። "ተማሪ ተኮር" የሚለው ነገር ሺህ ጊዜ ይነሳል። ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ አለቀ። ሰኞ ሜዳ ስንወጣ ያው ነን። ተማሪው ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ኳስ የሚነኩት እነዚያው ጎበዞች ናቸው። የቀሩት ጥግ ይዘው ያወራሉ።

ዕቅዱን ወረቀት ላይ ማሳመር አያቅተኝም። እኔ የምፈልገው መምህሩ ሜዳ ላይ ሲቆም ዓይን የሚያየው ለውጥ ነው። እናንተ ጋ የሠራ ነገር ካለ ወዲህ በሉ። ያልሠራውንም ንገሩኝ፣ እሱም ይጠቅመኛል።

የሜዳው ሰው

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ አይዞሽም ልበልሽ። ጡረታ የተጠጋሁ ሰው ነኝ። የሥልጠና ሰርተፊኬቴ አንድ ፋይል ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አስተማሪነቴን የለወጠው ግን ሰርተፊኬት የሌለው ነው። አንድ ባልደረባዬ ሰዓት ይዞ ክፍሌን አየልኝ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ባልደረባሽ ሜዳው ዳር ይቀመጣል። አንድ ልጅ ይመርጣል። ከሁሉ ጎበዙን አይደለም፣ ከሁሉ ደካማውንም አይደለም፤ መሃል ያለውን፣ ስሙ ቶሎ የማይመጣልሽን ልጅ። ማንን እንደሚያይ ለልጁም ለአንቺም አይናገርም። ከዚያ በየ20 ሴኮንዱ ቀና ብሎ ያየውና አንድ ፊደል ይጽፋል። "ተ" ከሆነ ተቀምጧል፣ "ቆ" ከሆነ ቆሟል፣ "ራ" እየተራመደ ነው፣ "ሩ" እየሮጠ ወይም እየዘለለ ነው። ከጎኑ ደግሞ መምህሩ በዚያች ቅጽበት ምን ላይ እንደነበረ ይጻፋል፦ እያስረዳ፣ ዕቃ እያቀራረበ፣ እያረመ፣ ወይ ዝም ብሎ እያየ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ፊደሉን መቁጠር ነው።

ወረቀቱ በእጅሽ ሲገባ ነገሩ ይገለጥልሻል። ቆ ቆ ቆ ቆ ተ ቆ ራ ቆ ቆ ሩ ቆ ቆ። ያቺ ብቸኛ "ሩ" የልጁ ተራ የደረሰባት ናት። ከውጭ ለሚያይ ሰው እኮ ክፍሉ ደማቅ ነው። ጩኸት አለ፣ ፊሽካ አለ፣ ኳስ ይንከባለላል። ያ አንድ ልጅ ግን ቆሞ ነው ያረፈደው።

የኔ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። ቶም ማኬንዚ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን የመሰለ የምልከታ ዘዴ አውጥተዋል፤ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በሙያው የሚጠቀሰው ልክ ልጁ ከክፍለ ጊዜው ቢያንስ 50 በመቶውን ሞቅ ባለ እንቅስቃሴ እንዲያሳልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። የኛ ክፍለ ጊዜ ብቻውን ያን አይሞላም። ቢያንስ ግን ቆሞ እንዲያልቅ አናድርገው።

ኮን ደርዳሪ

እኛ ጋ ቢታይ ወረቀቱን የሚሞላው ስም ጥሪ ነው። ቀጥሎ "ቱታ ያላመጣህ ውጣ"። ቀጥሎ ደወል። ሃሃ።

ዱላ ቅብብል

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ሰው ባልደረባው ሲያየው የሚያቀርበው ትምህርት ሳይሆን ቲያትር ነው። ያን ቀን ኮኑ ይደረደራል፣ ልጆቹም ጨዋ ይሆናሉ፣ በማግስቱ ሁሉም ወደ ነበረበት። ደግሞስ ያ ወረቀት ዓመቱ መጨረሻ ላይ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ውስጥ ላለመግባቱ ማን ዋስ ይሆናል? በገዛ እጁ ራሱን የሚያስገመግም ሰው አላየሁም።

ሦስተኛው ይብሳል። እኔ ያደግኩት በአትሌቲክስ ነው። ጂምናስቲክ አስተምር ስባል እጨነቃለሁ። ልጅ በእጁ ሲቆም የት ጋ ቆሜ፣ ምኑን ይዤ እንደምደግፈው በቅጡ ያሳየኝ የለም። ባልደረባዬ ሰዓት ይዞ ዳር ቢቀመጥ ይህን አያስተምረኝም። የሚያውቅ ሰው መጥቶ ማሳየት አለበት። ሁለት የማያውቁ ሰዎች ቢተያዩ ምን ይወጣቸዋል?

የሜዳው ሰው

ሦስተኛው ላይ እውነት አለህ። ይዘቱን የማያውቅ ሰው ስለታየ ብቻ አያውቀውም። ጂምናስቲክ፣ ዋና፣ ውርወራ የመሳሰሉት አደጋ ስላላቸው ባለሙያ አጠገብ ሆኖ በእጅ መሞከር ይፈልጋሉ። ዋናን በስላይድ ተምሮ ውሃ የሚገባ የለም።

የቲያትሩ ነገር ግን የሚሆነው አንድ ጊዜ ከታየህ ነው። ሲደጋገም ማንም አይችለውም፤ ይደክማል፣ ይተወዋል፣ እውነተኛው ክፍል ይወጣል። ወረቀቱ ደግሞ የታየው መምህር ንብረት ነው። ኮፒ የለውም። ያየው ሰው እዚያው ሜዳ ላይ አስረክቦ ይሄዳል። በዚህ ላይ ቃል ካልተገባ ባይጀመር ይሻላል።

ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ የያዙት ልማድ አለ። መምህራን አንዲት ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። የሚያዩት ግን መምህሩን አይደለም፣ ልጆቹን ነው። በኋላ ተቀምጠው ሲወያዩ "አንተ አጠፋህ" የሚባል ነገር አይመጣም። ዕቅዱ የሁሉም ስለሆነ ጥፋቱም የሁሉም ነው።

ኮን ደርዳሪ

"ጥፋቱም የሁሉም ነው።" ይህቺን ለመምሪያችን በላክኋት።

የታችኛው ክፍል

ትንንሾቹን ነው የማስተምረው። ዱላ ቅብብል ያነሳው የይዘት ነገር ላይ ልጨምር፤ ምክንያቱም ይዘቱም የሚሰጠን ተዛብቶ ነው።

አብዛኛው ሥልጠና "ቅብብል እንዲህ ነው፣ ድሪብል እንዲህ ነው" ብሎ ያሳየናል። እኛም ልጆቹን አሰልፈን ያንኑ እናስደርጋለን። ልጁ በኮኖች መሃል ኳስ ይዞ ይሽሎከለካል። ጨዋታ ሲጀመር ግን ሃያ ልጅ አንዲት ኳስ ላይ ይከመራል። ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1982 ያነሱት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ልጁ ጨዋታውን ይረዳ፣ ክህሎቱን ሲያስፈልገው ያኔ አምጡለት አሉ። በትንሽ ጨዋታ ትጀምራለህ፣ ታቆማለህ፣ ትጠይቃለህ፣ እንደገና ታጫውታለህ።

አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኟ ይህን አላስረዳችንም፤ አጫወተችን። ሰው ስለጎደለ አንድ የሒሳብ መምህር ከመንገድ ጠርተን አስገባን። 3 ለ1፣ ጠባብ ካሬ ውስጥ፣ ኳሱ በእጅ፣ የያዘ አይራመድም። ትንሽ እንደተጫወትን ፊሽካ ነፋች። "ኳስ ያልያዛችሁት የት ብትቆሙ ይቀልላችኋል?" አለች። ዝም አልን። እሷም ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ፣ አንዳንዳችን መሬት መሬቱን ማየት ጀመርን። የሒሳቡ መምህር ነው በመጨረሻ "ከተከላካዩ ጀርባ ከቆምኩማ ለሚያቀብለኝ ሰው የለሁም ማለት ነው፤ መስመሩ ክፍት መሆን አለበት" ያለው። እኛ የስፖርት ምሩቃኖቹ ተያየን።

ከዚያ ወዲህ እኔና ባልደረባዬ ስንተያይ የምንቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥያቄ ከጠየቅን በኋላ ስንት ሴኮንድ እንጠብቃለን? መምህር እኮ ዝምታ አይችልም። ጠይቆ ራሱ ይመልሳል።

ዱላ ቅብብል

የሒሳብ መምህሩን ወደ አሠልጣኝነት አዛውሩት።

ቁምነገሩ ግን ገብቶኛል። አሠልጣኟ ያውቃሉ፣ እናንተም ሠርታችሁ አያችሁ፣ ከዚያ አንዲት ነገር ይዛችሁ ተከታተላችሁ። እንዲህ ከሆነ የኔ ሙግት ግማሹ ወደቀ።

የክሊኒኳ

ይቅርታ፣ ሳልጋበዝ ገባሁ። የትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። የስፖርት መምህራን ሥልጠና ሲታቀድ እኛን የሚጠራ የለም፤ ልጅ ሲወድቅ ግን መጀመሪያ የምንጠራው እኛ ነን።

እናንተ ስለ ቅብብል ስታወሩ እኔ ስለ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላውራ። ልጅ ማንም ሳይነካው ድንገት ወድቆ፣ ሲጠሩት ካልመለሰና በወጉ ካልተነፈሰ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ጀምሩ። ደረቱ መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው፤ ጥልቀቱ የደረቱን ሲሶ ያህል። 30 ግፊት፣ 2 ትንፋሽ። የልብ ምት የሚያስነሳው መሣሪያ ካለ ወዲያው ይምጣ። ይህን ስላይድ ላይ የማይመልስ መምህር የለም። በመለማመጃው የሰው አሻንጉሊት ላይ ተንበርክኮ ሲጫን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገና ከመጀመሩ ክንዱ ይዝላል፣ ግፊቱ ይሳሳል፣ ቁጥሩ ይጠፋዋል። በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ደግሞ ይህ ክህሎት በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። በዓመት አንዴ ሙሉ ቀን ከምትቀመጡ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ብትለማመዱት ይሻላል።

ከመጫኑ በላይ የሚያስቸግረው ዙሪያው ነው። እኛ ጋ አንድ መምህር "ወደቅሁ" ብሎ ሜዳ ላይ ተኛ፣ ሰዓት ተያዘ። ማን ይጫናል? ማን ይደውላል? የቀሩትን ልጆች ማን ሰብስቦ ይወስዳል? ለአምቡላንስ ትልቁን በር ማን ይከፍታል? ቁልፉ ያለው ሰው ምሳ ወጥቷል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ የተቆለፈበት ክፍል ቁልፍም አብሮት ወጥቷል። ልምምድ በመሆኑ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ቁልፍ አለ።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅም አለ። ራሱን ባይስትም የአንጎል መናወጥ ሊደርስበት ይችላል። ግራ ከተጋባ፣ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ መልሱ ከዘገየ ይውጣ። ጥርጣሬ ካለም ይውጣ። በዚያው ቀን አይመለስም፣ "ደህና ነኝ" ቢልም፣ ግማሽ ፍጻሜ ቢሆንም። ትምህርቱን በወጉ መከታተል ሳይችል ደግሞ ወደ ኳስ አይላክ። በሙቀት ተመትቶ የሚዘባርቅ ልጅ ካጋጠማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ከመጓዛችሁ በፊት እዚያው በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት፤ የሚያተርፈው እሱ ነው።

ፊሽካ በእጄ

እህቴ፣ ተጋብዘሻል፤ እንዲያውም ዕቅዱ ላይ ከላይ ነው የምጽፍሽ። እኛ ጋ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ስጠይቅ ሦስት የተለያየ ስም ተነገረኝ።

ዱላ ቅብብል

ጉዳት ከተነሳ አንዲት ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። እግር ኳስ የምታጫውቱ "ፊፋ 11+" የሚባለውን የማሟሟቂያ ልምምድ ተማሩት። 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ሩጫ፣ ጥንካሬ፣ ሚዛን፣ ዝላይና አወራረድ አለው። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሷል። ወጪው ጊዜ ብቻ ነው። ክብ ሠርቶ እግር እያሳሳቡ አስር መቁጠር ይብቃን።

ርዕሰ መምህር ነኝ

ወገኖች፣ ከቢሮው ወገን ልናገር፤ አትቆጡኝ።

የስፖርት ክፍል ዕቅድ ሲመጣልኝ "ግንዛቤ ማስጨበጫ" ይላል። ምኑን ልፈቅድ? ተጠሪዋ መጥታ "ሁለቱ መምህራን በሳምንት አንድ የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ ይኑራቸው፣ መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ልጆች ቆመው የሚያሳልፉት ጊዜ መቀነሱን አሳይዎታለሁ" ብትለኝ መርሐ ግብሩን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ሰዓት ጠይቁን። ሰዓት መስጠት ለኛም ይቀላል።

ዱላ ቅብብል ያነሳው የግምገማ ስጋት ግን ትክክል ነው። እኔ ወረቀቱን ካየሁት አለቀ፤ ሁሉም ያሳምርልኛል። ስለዚህ አላይም። ይህንን በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ መናገር የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው፤ ተጠሪዋ ብትለው ማንም አያምናትም።

ሌላው የዋንጫ ነገር ነው። ለስፖርት ኃላፊ ሥልጠና ሲባል ሁሌ የዳኝነት ሕግና የውድድር ደንብ ነው። ቡድን እንዴት እንደሚመረጥ፣ ያልተመረጠው ልጅ ወዴት እንደሚሄድ፣ ወላጅ ሜዳ ዳር ሲሳደብ ምን እንደሚደረግ የሚያሠለጥን አላየሁም። ክበቡ የመቶ ልጅ ነው ይባላል፤ መለያ የሚለብሱት ግን አስራ ስምንት ናቸው።

ዱላ ቅብብል

እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፣ ርዕሰ መምህር፤ ነካኩኝ።

እኔ ልጅ የምመርጥ ሰው ነኝ። የቡድናችሁን ዝርዝር አውጡና ከእያንዳንዱ ስም ጎን የልደት ወሩን ጻፉ። ሌላ ምንም አታድርጉ፤ ዝም ብላችሁ እዩት። ለውድድር ዕድሜ የሚቆጠርበት ዓመት ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተወለዱት ይበዛሉ። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮጀር ባርንስሌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ያንን አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በእግር ኳስም በሌሎችም ስፖርቶች ታይቷል። አሥራ አንድ ወር የሚበልጠው ልጅ ይረዝማል፣ ይፈጥናል። እኛ ተሰጥኦ ነው እንላለን። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ የተሻለ ልምምድ ያገኛል፤ እውነትም ይበልጣል።

በዚህ ላይ ዕድገቱ አለ። ቁመት በፍጥነት የሚጨምርበት ጊዜ ለሴቶች 12 ዓመት አካባቢ፣ ለወንዶች 14 አካባቢ ነው፤ ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል። ሁለት የ13 ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ሕፃን ሊመስል ይችላል። በዚያ ወቅት ሯጩ ልጅ ድንገት እግሩ ይተሳሰርበታል፣ ከጉልበቱ በታች ያለችው እብጠት ታመዋለች። አሠልጣኙ "ሰነፍክ" ይለዋል። ልጁ አልሰነፈም፤ አጥንቱ እያደገ ነው። ልምምዱን ቀነስ አድርጎለት ቁመቱን በየጊዜው የሚለካለት ሰው ነው የሚፈልገው። ሜትርና ደብተር ይበቃል።

ለስፖርት ኃላፊ ሥልጠና አዘጋጁ ብትሉኝ በዚህ ነው የምጀምረው። ሁሉም የራሱን ቡድን ዝርዝር ይዞ ይምጣ።

ኮን ደርዳሪ

እኛ ጋ የልደት ወሩ ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ውድድር ሲደርስ ይለወጣል። ጢም ያለው የ15 ዓመት አጥቂ አለን። ተሰጥኦ ነው።

ባለ ደወሉ ኳስ

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ልጅ ቀረብኝ። ዳር ተቀምጦ የሌሎችን ጃኬት የሚጠብቀው። ማየት የማይችለው፣ በምርኩዝ የሚሄደው፣ አስም ያለበት። "አንተ ዛሬ ዳኛ ሁን" እንለዋለን፤ ዓመቱን ሙሉ ዳኛ ይሆናል።

በዚህ ላይ የወሰድኩት ጥሩ ሥልጠና ዓይናችንን በጨርቅ አስሮ ጎልቦል ያጫወተን ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1946 በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ሰዎች የተፈጠረ ነው፤ ኳሱ ውስጥ ደወል አለው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሁላችንም ወለሉን እንዳብስ ነበር። ከዚያ አሠልጣኙ "ተመልካቾች ዝም በሉ" ሲል ገባን። የሜዳው ጩኸት ለዚያ ልጅ ግድግዳ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሌ ውስጥ መጀመሪያ የለወጥኩት መሣሪያ አይደለም፤ ድምፅ ነው።

ትምህርት ስታቅዱ አራት ነገር ጠይቁ፦ ቦታውን ላስፋው ወይ ላጥብበው? ተግባሩን ላቅልለው ወይ ላክብደው? መሣሪያውን ልቀይረው? ሰዎቹን እንዴት ላጣምራቸው? ይህን የለመደ መምህር ለአንድ ልጅ ብሎ የለወጠው ለሃያው ይጠቅማል። ትልቅና ለስላሳ ኳስ የሚፈራውንም ልጅ ያስገባዋል።

ሦስተኛ ዓመት

ይቅርታ፣ ገና ተማሪ ነኝ፤ ስመረቅ ሩቅ ቦታ ልመደብ እችላለሁ። የስፖርት መምህር አንድ ብቻ የሆነበት ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ሰዓት ይዞ ያየኛል?

የታችኛው ክፍል

ሁለት መንገድ አለህ፣ ወንድሜ። የቋንቋ መምህሯ ታይልህ። ስፖርት ማወቅ የለባትም፤ ልጁ ቆመ ወይስ ሮጠ የሚለውን ማንም ያያል።

ካልሆነ ስልክህን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገህ ኪስህ ክተት። ቪዲዮ አታንሳ፤ የልጆች ምስል ፈቃድ ይፈልጋል፣ ጣጣው ብዙ ነው። ማታ ድምፅህን ስማው። ደስ አይልም፣ ግን ስማው። የማንን ስም ጠራህ? የማንን ፈጽሞ አልጠራህም? "ጎበዝ" ስትል ምኑ ጎበዝ እንደሆነ ነግረኸዋል? አንዱን ነገር ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደገምከው? አንድ ባልደረባችን ድምፁን ሰምቶ "እኔ እኮ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ 'ፍጠኑ' ነው የምለው" ብሎ በራሱ ሲስቅ ነበር።

የሜዳው ሰው

ልጄ፣ ሦስተኛ መንገድም አለ። ልጆቹ ይተያዩ። ሁለት ሁለት አድርጋቸው። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ሦስት ነጥብ ያለባት ካርድ ይዞ ያያል፦ ጉልበቱ ታጠፈ? ዓይኑ ወደፊት ነው? እጁ ተከተለ? ከዚያ ይነግረዋል፣ ይቀያየራሉ። ሙስካ ሞስተን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 የማስተማር ስልቶችን ሲደረድር ይህን አንዱ አድርጎታል። አንተ ለሚሠራው አትናገርም፤ የምትናገረው ለሚያየው ነው። ብቻህን ብትሆንም ክፍሉ በሙሉ አስተማሪ ይሆንልሃል።

ፊሽካ በእጄ

ተመልሻለሁ። ብዙ ነገር ስለሰጣችሁኝ ከየት እንደጀመርኩ ልንገራችሁ።

ርዕሰ መምህሩን ሰዓት ጠየቅኳቸው። የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ ተገኘ። ወረቀቱን እንደማያዩትም በስብሰባ ላይ ተናገሩ። ይህ ባይሆን ኖሮ አንድም ሰው አይመጣም ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመምህራኑ አንዱ አሁንም እምቢ እንዳለ ነው። አልገፋሁትም። ሌላውን ለማየት ግን ፈቃደኛ ነው፣ በሱ ጀምረናል።

መጀመሪያ የታየሁት እኔ ነኝ። ተጠሪ ካልቀደመ ማን ይቀድማል? ወረቀቱ ላይ "ቆ" የበዛው እኔ በማስረዳበት ጊዜ አይደለም። ዕቃ በምቀይርበት ጊዜ ነው። አንዱ ጨዋታ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ኮን እሰበስባለሁ፣ መስመር እለካለሁ፣ ልጆቹ ቆመው ያዩኛል። አሁን ሜዳውን በአራት ካሬ ቀድሜ አሰናዳለሁ። ጨዋታው ይለወጣል እንጂ ካሬው አይነካም። ኳስ ስለሚያንሰን ሁለቱ ካሬ ውስጥ ኳስ የማይፈልግ ጨዋታ አለ። ሰልፉ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ያልተፈታልኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ከፍ ባሉት ክፍሎች እንደ ድሮው ጥጉን ይዘዋል።

የታችኛው ክፍል

ጥጉን የያዙት ሰንፈው አይደለም። ሰው ፊት መታየቱን ነው የሚሸሹት። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ያለውን መረጃ ይዘው ባወጡት ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ሴቶች 85 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም፤ ወንዶቹም 78 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ያንቺ ክፍል ጉድ ብቻ አይደለም።

ቀጣዩ ምልከታችሁ በነሱ ላይ ይሁን። ከጥጉ አንዷን ልጅ መርጣችሁ ተከተሏት፤ በየትኛው ሰዓት ነው የምትወጣው? ብዙ ጊዜ ቡድን መሪዎቹ ተጫዋች እየጠሩ ሲመርጡ ነው። መጨረሻ የምትጠራው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አሟት ትቀራለች። ቡድኑን ራስሽ ከፋፍለሽ ነይ። ከዚያ ጠይቂያቸው፣ በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ፦ ምን ብንጫወት ትገባላችሁ? ልብስ የምትቀይሩበት ቦታ አለ ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ያልጠበቅሽውን ሊያመጣ ይችላል።

የክሊኒኳ

የወር አበባንም ጨምሪበት። ምክንያቱን ወንድ መምህር ፊት ቆማ የምትናገር ልጅ ጥቂት ናት። "ዛሬ ቀለል ባለው ካሬ ልጫወት" የምትልበት፣ ምክንያት የማይጠየቅበት መንገድ ይኑር።

ፊሽካ በእጄ

ቀለል ያለ ካሬ! አራት ካሬ አለኝ እኮ፤ አንዱን ለዚህ ማድረግ ነው። ለሁሉም ክፍት ይሆናል እንጂ የሴት ካሬ ተብሎ አይጠራም።

ኮን ደርዳሪ

ቀልዱን ልተወውና፣ ያን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልን። እኔና ጓደኛዬ ሐሙስ ልንሞክረው ነው። ስም ጥሪውንም እሱ ይቁጠረው።

ፊሽካ በእጄ

ፎቶ አያስፈልገውም። ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። ግራው የልጁ ፊደል፣ ቀኙ መምህሩ ምን ላይ እንደነበረ። ከላይ ቀንና የጨዋታው ዓይነት። በቃ።

የሜዳው ሰው

የልጁ ስም አይጻፍበት። 20 ሴኮንድ ከፈጠነባችሁ በየ30ው አድርጉት። የመጀመሪያውን ደቂቃ ደግሞ ሳትጽፉ እዩ፤ ዓይን እስኪለምድ ነው። ኮን ደርዳሪ፣ ከስም ጥሪው ጀምር፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ደወሉ ሲደወል ነው እንጂ ኳሱ ሲወጣ አይደለም።